ማክበርና ማስቀመጥ

አረጋዊ ወይም እንግዳ ወደ ቤታችን ሲገባ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ኖር» ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ «ቁጭ ይበሉ» እንላለን። «ኖር» ስንል እኛ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ «ቁጭ ይበሉ» ስንል ደግሞ የተነሣንበትን ስፍራ ለመጣው ሰው እንለቃለን። በዚህች አጭር ሥርዓት ውስጥ ትልቅ የምግባር ትምህርት አለ፤ ይኸውም ማክበር ማለት የራስን ምቾት ለሌላው መልቀቅ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ቋንቋችን «ማስቀመጥ» የሚለውን ግሥ ለሁለት ተግባር እንደሚጠቀምበት ልብ ማለት ይገባል። ሰውን በክብር ስፍራ እናስቀምጣለን፤ ዕቃንም በሣጥን እናስቀምጣለን። በመጀመሪያው ተግባር የተቀመጠው ሰው የቤቱ መካከል ይሆናል፤ ዓይንና ጆሮ ሁሉ ወደ እርሱ ይመለሳል። በሁለተኛው ግን የተቀመጠው ነገር እንዳይሰበርና እንዳይጠፋ ከመንገድ ዞር ይደረጋል እንጂ የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ አረጋዊ እናታችንን ወይም አባታችንን ተቀብለን በቤታችን ስናኖር የምናስቀምጣቸው ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው መንገድ ነው?

ነገሩን ብዙዎቻችን በምናውቀው ሁኔታ እንመልከተው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እናት በጉራጌ ምድር በእንሰት ጓሮ መካከል ኖረዋል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት ያያይዛሉ፤ ወራቱ ሲደርስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ይፍቃሉ፤ ገበያ ይወርዳሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ይህ ሁሉ በእግር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ማንም «ስፖርት» ብሎት አያውቅም። ከዕለታት አንድ ቀን የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ተገኘባቸውና ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወደ ልጃቸው ቤት ይመጣሉ። ቤቱ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ልጅ «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለፍተሻል፤ አሁን ዕረፊ» ይላል። ምራት «እማማ፣ እርስዎ አይነሡ፤ የሚፈልጉትን እኛ እናመጣለን» ትላለች። ማለዳ ሁሉም ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ ይበተናል፤ እናት ከሶፋው ላይ ቴሌቪዥን እየተመለከቱ ይውላሉ። ምግቡ ያለ ጉድለት ይቀርባል፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይሰጣል። ሁለት ወር ሲሞላ ግን ጉልበታቸው ይተሳሰራል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣቸዋል፤ ደረጃው ያስፈራቸዋል። በመጨረሻም «ሀገሬ ልግባ» የሚል ቃል ይመጣል። ቤተሰቡም ቅር ተሰኝቶ «ምን አጎደልንባቸው?» ብሎ እርስ በርሱ ይጠያየቃል።

የጎደለው ምግብ ወይም መድኃኒት አልነበረም። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ አስቀድመን ሥጋን፣ ቀጥሎም ኅሊናን መጠየቅ ይኖርብናል።

ሥጋ የሚመሰክረው

የሰው ሥጋ ለመንቀሳቀስ የተሠራ ነው። የእግራችን ባት ጡንቻ በተራመድን ቁጥር እየተኮማተረ በእግር ሥሮች ውስጥ የተጠራቀመውን ደም ወደ ልብ ይገፋል፤ ለረጅም ሰዓት በተቀመጥን ጊዜ ግን ይህ ሥራ ስለሚዳከም እግር ያብጣል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስቦ ስለሚጠቀም ከምግብ በኋላ የሚደረግ ጥቂት የእግር ጉዞ የደም ስኳርን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። ስለሆነም የስኳር ሕመምተኛዋን እናት «አይነሡ» ማለት ሐኪሙ በመድኃኒት የሚሠራውን ሥራ በከፊል ማፍረስ ነው።

ይህ እውነት በሳይንስ ዓለም ጎልቶ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውሉ ነበር፤ ትኬት ቆራጮቹ ግን የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ደም ሥር ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የአንድ ከተማ ሰዎች፣ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ ልዩነታቸው በአመዛኙ አንዱ መቀመጡ፣ ሌላው መንቀሳቀሱ ነበር።

ለአረጋውያን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይብሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ጤናማ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ ከእግራቸው ሥጋ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ አጥተዋል። የታመሙ ሰዎች አልነበሩም፤ የጎዳቸው መተኛቱ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት አቅማቸው በፈቀደ መጠን ይህንኑ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ሚዛንን የሚያጠብቅና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲለማመዱ ያሳስባል። መቶ ኀምሳው ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ይኸውም ከቤት እስከ ጉሊት ደርሶ ሽንኩርት ገዝቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ኅሊና የሚጠይቀው

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የምግባር ጥያቄ ነው። እንዲህ የሚጎዳ ነገር ከመልካም ልብ እንዴት ሊወጣ ቻለ?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አርስቶትልን ተከትሎ ማፍቀርን ለሌላው መልካሙን መሻት እንደሆነ ያስተምራል። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው መሻት፣ ሁለተኛው መልካሙ ነው። መሻቱ በልባችን ይበቅላል፤ መልካሙ ግን በልባችን ውስጥ የሚገኝ አይደለም፤ ከምናፈቅረው ሰው ሁኔታ ተጠንቶ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ እናቱን ከልቡ የሚወድ ልጅ የእናቱን መልካም ነገር ሳይመረምር የራሱን ምኞት ቢፈጽም ከፍቅር ግማሹን ብቻ አድርጓል። እርሱ በታክሲ ተጋፍቶ፣ በቢሮ ደክሞ ሲመለስ የሚመኘው ዕረፍት ነው፤ ለእናቱም የሚሰጣት ይህንኑ ራሱ የተራበውን ነገር ነው። እርሷ ግን የተራበችው ሌላ ነው።

እኚሁ ሊቅ ለወላጆች ስለሚገባው ግዴታ ሲናገሩ ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋሉ። ወላጆች በወላጅነታቸው የሚገባቸው አክብሮትና አገልግሎት ነው፤ በሚደርስባቸው ሁኔታ የተነሣ የሚገባቸው ደግሞ ሲታመሙ መጠየቅና ሕክምናቸውን መከታተል፣ ሲደኸዩም መርዳት ነው። የመጀመሪያው ዘወትር ጸንቶ የሚኖር ነው፤ ሁለተኛው ግን በችግሩ ልክ የሚለካ ነው። የእኛ ስሕተት ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን መደባለቅ ነው። እርጅናን ራሱን እንደ በሽታ ቆጥረን፣ በወላጅነታቸው ልናከብራቸው የሚገባንን ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ በሕመምተኛ ሥርዓት እናስተናግዳቸዋለን። ሕመምተኛ ይታዘዝለታል እንጂ አይታዘዝም፤ ይመከራል እንጂ ምክር አይጠየቅም። ትናንት በመንደሯ ሽማግሌዎች የሚሰሟት፣ ጎረቤት የሚያማክራት እናት በልጇ ቤት ምን እንደምትበላና መቼ እንደምትተኛ የሚነገራት ሰው ትሆናለች። ይህ በስሙ አገልግሎት ነው፤ በውስጡ ግን አክብሮትን ይሸረሽራል።

በተጨማሪም ምክንያታችንን እስከ ሥሩ መመርመር ተገቢ ነው። «ይቀመጡ» የምንለው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ደግሞም «እናታቸውን አምጥተው ያሠሯታል» የሚለውን የጎረቤት ሐሜት ስለምንፈራ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ግን ለራሳችንም አንነግረውም። የተቀመጠ ሰው ጊዜያችንን አይወስድም። እናት ሽንኩርት ልላጥ ብትል የምራት እጅ ይዘገያል፤ ልውጣ ብትል አንድ ሰው አብሮ መውረድ አለበት፤ በደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ትቆማለች፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ትላለች። እርሷን ማስቀመጥ ለእኛ ይቀለናል። የሚቀለንን ነገር «ክብር» ብለን ስንጠራው ግን ስም ተሰርቋል።

ስለ መውደቅ የሚነሣ ተቃውሞ

በዚህ ስፍራ አስተዋይ አንባቢ «ብትወድቅስ?» ብሎ ይጠይቃል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በአረጋዊ ዕድሜ የሚደርስ የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙዎችን ዳግመኛ ከአልጋ እንዳይነሡ አድርጓል፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃና የኮብልስቶን መንገድም ለደካማ እግር ምቹ አይደሉም። ዳሩ ግን በመቀመጥ ከውድቀት የሚያመልጥ የለም። የተቀመጠ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ሚዛን ይስታል፤ ሚዛን የሳተም ሰው ከሶፋው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ይወድቃል። መውደቅን ፈርቶ መቀመጥ በራሱ የመውደቂያ መንገድ ነው።

ስለሆነም ከዚህ ላይ የሚያስፈልገው ማስተዋል የተባለው ታላቅ የምግባር ኀይል ነው። ማስተዋል ግን ፍርሃት ማለት አይደለም። ሐኪሙ ለጊዜው ዕረፍት ያዘዘለት ሰው ማረፍ አለበት። በጉዞ ላይ ሳለ ደረቱን የሚጫነው፣ የሚያዞረው ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ወዲያው ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባዋል። ከቆላ የመጣ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢደክመው አያስደንቅም፤ በዝግታ ይጀምር። የስኳር ሕመምተኛ የሚስማማውን ጫማ ይጫማ፤ ማታ ማታ የእግሩ መዳፍና ጣቶች እንዳልቆሰሉ ይታዩለት፤ ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ከሆነም ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ የሚቀረው ጥቂት ሥጋት አእምሮዋ የተስተካከለ እናት ራሷ ልትመዝነው የሚገባት ነው። ኅሊና ያለውን ሰው «ለራስህ ስል በነጻነትህ አልተውህም» ማለት የምንችለው በጣም በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ነው።

ተቃራኒው ጥፋት

በሌላ በኩል ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋት መኖሩን መዘንጋት አይገባም። አንዳንድ ቤቶች አያትን ከማስቀመጥ ይልቅ ያለ ዋጋ ሠራተኛ ያደርጓቸዋል። በተለይም በውጭ ሀገር፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናቶች ይህ ያጋጥማቸዋል። በጎብኚ ቪዛ ለሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ቆይታ እስከ ስድስት ወር ነው። ባልና ሚስት በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ፤ አያት ከሕፃኑ ጋር በአፓርታማ ውስጥ ትዘጋለች። ውጭው በረዶ ነው፤ ቋንቋውን አታውቀውም፤ መኪና አትነዳም። ስድስቱ ወር ሲያልቅ የልጅ ልጇ አድጓል፤ እርሷ ግን አንድ ጎረቤት እንኳ ሳታውቅ ትመለሳለች።

ማስቀመጥና ማሠራት የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቤት እናት ስለምትፈልገው ነገር አልተጠየቀችም። የመጀመሪያው ቤት ለራሱ መልካም ስም፣ ሁለተኛው ቤት ለራሱ ጥቅም ተጠንቅቋል። እንግዲህ መፍትሔው ሥራ መስጠት ወይም ሥራ መንሣት ብቻ አይደለም። መፍትሔው ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን እንደ ባለ ድርሻ መቁጠርና መጠየቅ ነው።

አብሮ መራመድ

የገጠር ሰው ያለ ምክንያት አይራመድም። ከተሜው «ወክ» የሚለውን ነገር ለእናት ብናስረዳት «ወዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እግሯ ወደ አንድ ነገር ሲሄድ ኖሯል፤ ወደ ውኃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ጸሎት። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዙሪ ብትባል እንደ ቅጣት ይሆንባታል። ጥቁር አዝሙድ ምረጪልን ብትባል ግን ጉሊት ድረስ ትሄዳለች፤ ነጋዴዋን ትከራከራለች፤ በልጇ ቤት የእርሷ ዓይን እንደሚያስፈልግም ታውቃለች። የታመመ ጎረቤት እንጠይቅ ብትባል ነጠላዋን ራሷ ታነሣለች። ስለሆነም ለሽማግሌ እንቅስቃሴ የምናዘጋጅ ከሆነ ከደቂቃው ቁጥር በፊት ምክንያቱን እናዘጋጅ።

ከምክንያቱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጓደኛ ነው። ከአረጋዊ ጋር መራመድ ለወጣት እግር አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ፍጥነትን መተው ይጠይቃል። «ኖር» ብለን መቀመጫችንን እንደለቀቅን እንዲሁ በመንገድ ላይ እርምጃችንን መልቀቅ ይኖርብናል፤ ይህም ከመቀመጫ ይልቅ ውድ የሆነ ስጦታ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ስለዚህም በሳሎን ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመናገር የሚከብደው ነገር በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለ መሬቱ ውርስ፣ ስለ ተጣላው ወንድም፣ ስለ ሕመሙ እውነተኛ መጠን፣ ስለ ሞትም ጭምር እናት የምትናገረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

አረጋውያንም በበኩላቸው ድርሻ አለባቸው። መቀመጥን የማዕርግ ምልክት አድርጎ መቁጠር፣ ምርኩዝን መናቅ፣ የሚያመውን ደብቆ «ደኅና ነኝ» ማለት ለልጆች ጭንቀትን ይጨምራል እንጂ አያቀልም። «ይህን እችላለሁ፤ ይህን ግን አልችልም» ብሎ በግልጽ መናገር የትሕትና ሥራ ነው።

ወንጌላዊው ሉቃስ እመቤታችን ማርያም ወደ ተራራማው የይሁዳ ሀገር ሄዳ በዘመድዋ በኤልሳቤጥ ቤት ሦስት ወር ያህል እንደተቀመጠች ይተርካል። በዚያ ቤት አረጋዊቷ ኤልሳቤጥ ናት፤ ወጣቷም እንግዳዪቱ ማርያም ናት። ልብ ብለን ካየነው ግን ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ተቀባይ ብቻ አልሆነችም፤ የምትባርከውና የመጣውን ነገር ቀድማ የምታስተውለው እርሷ ናት። አንዲቱ ትመጣለች፤ ሌላይቱ ትቀበላለች፤ ሁለቱም ይሰጣሉ። በቅርቡ ዘመንም በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2021 እ.ኤ.አ. የአያቶችና የአረጋውያን ቀን በዓለም ዙሪያ እንዲከበር መሥርተው በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. አራተኛው እሑድ እንዲውል አድርገዋል። ቀኑ ለቅዱሳን ኢያቄምና ሐና በዓል እንዲቀርብ ተደርጎ የተመረጠ ነው።

በዓመት አንድ እሑድ መልካም ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠች እናት ግን ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን አላት። በዚህ ሳምንት ወላጆቻቸውን ወይም አክስትና አጎታቸውን በቤታቸው ተቀብለው የሚያስታምሙ ሁሉ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። ማታ ከሥራ ሲመለሱ «ምን ላምጣልሽ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ነገ ወዴት እንሂድ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጣቸውንም መልስ በትዕግሥት ይስሙ። መልሱ «የትም አልሄድም፤ ደክሞኛል» ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይከበር፤ በማግሥቱም ደግመው ይጠይቁ። መልሱ «ቤተ ክርስቲያን» ወይም «እዚያ ማዶ ያለችውን አሮጊት ልጠይቅ» ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይነሡ፤ ደረጃውንም በእርሷ እርምጃ ልክ ይውረዱ።